አዲሱ ካምቢዮ በአባዬ አሮጌ ፒክአፕ

ውድ እህቴ ራሊን፣

እንዴት ነሽልኝ? ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ልጠይቅ፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ደረትሽን የሚይዝሽ ያ ሳል ለቀቀሽ? ፈርገስስ ከባሕር ላይ ሥራው በሰላም ተመለሰ? ልጆችሽ ኢላይድና ሮሪ እንዴት ናቸው? ሮሪ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል ብለሽኝ ነበር፤ አንድ ቀን ስልክ ሲያነሳ ፈርገስ መስሎኝ ስለ ደም ግፊቱ ስጠይቀው እንዳልገኝ እፈራለሁ። አማትሽ ወይዘሮ ሞራግ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ማንበብ ቻሉ? እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፣ ቀበሮ ከወሰዳቸው ከሁለቱ በቀር። አባዬም ደህና ነው። ይህን በደንብ ሳልጽፍልሽ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ ወረቀቱን እንደምትወረውሪው ስለማውቅ ደግሜ ልጻፈው፤ አባዬ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሳደባል።

የአባዬ የመንጃ ፈተና እንዴት ሆነ እያልሽ ሦስት ጊዜ መልእክት ላክሽብኝ፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ «ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ ነው» ብዬ መለስኩልሽ። እንደተናደድሽብኝ አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከአባዬ ቤት እንዳልደውልልሽ እሱ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ጆሮውን ያቆማል። ከራሴ ቤት እንዳልደውል ደግሞ ገና ስጀምረው ወይ ሳቅ ወይ ለቅሶ ይቀድመኛል። በዚያ ላይ የሆነው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም። ውጤቱን ለማየት ብለሽ ግን ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘዪ። ልጅ ሆነሽም መጽሐፍ ከኋላ ነበር የምትጀምሪው።

የምታውቂውን ልድገምልሽ፣ ምክንያቱም አንቺ ያወቅሽው ግማሹን ነው። በጃንዋሪ ከእህል ጎተራው መሰላል ላይ ወድቆ ግራ ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለው። የፒክአፗ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ የማርሽ እጀታዋ ያለችው ከመሪው ሥር በግራ ነው፤ አንደኛን ለማስገባት ወደ ራስ ስቦ ወደ ታች፣ ሁለተኛን ለማስገባት ገፍቶ ወደ ላይ። ክንዱ አልነሳ ሲለው ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ቀኝ እጁን በመሪው መሃል አሹልኮ መቀየር ጀመረ። ያውም እየነዳ! ይህን ለሁለት ወር ደብቆኛል። በማርች አጥር ገጨ የተባለው እንዲህ ነው፤ እጁ መሪው ውስጥ እንዳለ መንገዱ ታጠፈ፣ እሱ ግን አልታጠፈም። የጎረቤታችንን አጥር ሃያ ሜትር ያህል ይዞት ሄደ።

አንቺ በማግሥቱ ከባሕር ማዶ ደውለሽ ከተማ ስላለው የአረጋውያን መኖሪያ ነገርሽው። እሱም ሳትጨርሺ ስልኩን ዘጋብሽ። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ጥሪ ያንቺ ከሆነ «ዶሮዎቹን ላብላ» ብሎ ይወጣል፤ ዶሮዎቹ በአንድ ቀን አራት ጊዜ የበሉበት ሳምንት አለ። አንቺ ክፉ ነገር እንዳልተናገርሽ ነግሬዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽና እኔም በልቤ ካንቺ ጋር ነበርኩ፣ አፍ አውጥቼ ለማለት ወኔ አጣሁ እንጂ።

በዚያው ሳምንት ነው ወረቀቱ የመጣው። ሰማንያ አምስት ዓመት ሊሞላው ስለሆነ መንጃ ፈቃዱ እንዲታደስለት ሜይ 24 ቀን ፈታኝ አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ ላይ መንዳት አለበት። ካለፈ በቤቱ ይቆያል። ከወደቀ ግን ከእሱ ቤት እስከ ከተማ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ከምነዳው የተማሪዎች አውቶቡስ በቀር በዚያ የሚያልፍ የለም። ሐኪም ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ረቡዕ ረቡዕ የሚሄድበት የካርታ ጨዋታ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መንዳት ከቀረ ቤቱም ቀረ ማለት ነው፣ ያው አንቺ ያልሽው ቦታ መግባት ነው። ይህን ሁለታችንም ስለምናውቅ ወረቀቱ ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ቁርስ የምንበላው በዙሪያው ነበር።

መጀመሪያ የኔን መኪና ሰጠሁት፣ ማርሹን ራሷ የምትቀይረዋን። እህቴ፣ ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ግራ እግር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ገና ከግቢው በር ሳንወጣ እግሩ ፍሪሲዮኑን ፍለጋ ሄዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ፤ የረገጠው ግን ፍሬኑን ነው። ቀበቶዬ አንገቴን አነቀኝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽያጭ የጫንኩት አራት ደርዘን እንቁላልም ከኋላ መጥቶ ጀርባችን ላይ አረፈ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው። ሦስተኛ ላይ ወርዶ በሩን በቀስታ ዘጋና «ይቺ መኪና አላመነችኝም፣ እኔም አላመንኳትም» ብሎ ገባ። አስኳሉ ከወንበሩ ስፌት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሐሳቡን ያመጣው ኔሎ ነው። የቶርኖ ቤቱን ኔሎ አትረሺውም፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ አባቱ በየዓመቱ ቲማቲም በሳጥን ይሰጡን የነበሩት። የአውቶቡሴን አንድ ዕቃ ላሠራ ሄጄ የአባዬን ጉዳይ ሳጫውተው ማሽኑን አጥፍቶ «ክንዱ ወደ ላይ ካልወጣ እጀታው ወደ ታች ይውረድለታ!» አለኝ። ከተጋጨ ቶዮታ ላይ የወጣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አለው፤ እጀታው ከወለሉ በጉልበት ትይዩ ብቅ የሚል ስለሆነ ክንድን ሳያነሱ ይቀየራል። ያንን ካሮጌው ሞተር ጋር እናጋባው ነው የሚለው።

ለአባዬ ሄደን ነገርነው። «ሞተሬን ማን ነው የሚነካው?» አለ። «ማንም» አለ ኔሎ። «ወለሉንስ?» ሲለው ኔሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እጀታው እንዲወጣ ወለሉ መቆረጥ አለበት። እማዬን ከማግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት የገዛት፣ እኔንም አንቺንም ከሐኪም ቤት ያመጣባት መኪና ናት። አባዬ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣና ከመኪናዋ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ቆየ። ሲመለስ «ቁረጡ። እኔ ግን አላይም» አለ። የመቁረጫው ድምፅ ሲጀምር እሱ በእግሩ እስከ መስኖው ቦይ ደርሶ ነበር።

የነዚህን ሁለት ነገሮች ጋብቻ ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዱ ከሌላው በሠላሳ ዓመት ይበልጣል፣ ብሎናቸው አይገጥም፣ ቅርጻቸው አይገጥም። ኔሎ በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን በቶርኖ መሥራት ነበረበት። የሞተሩ ዘንግና የካምቢዮው ዘንግ በፀጉር ስፋት እንኳ ከተሳሳቱ ካምቢዮው ዕድሜውን ሲጮህ ይኖራል፣ ኩሽኔታውም ይበላል። ግን ወይን የሚለቀምበት ወቅት ስለነበር የአገሩ የመልቀሚያ መኪና ሁሉ ኔሎ ደጅ ተሰልፎ ነበር፤ «አምስት ሳምንት ስጡኝ» አለን። ሰጠነው፣ ምን ምርጫ ነበረን?

እስከዚያው እኔና አባዬ አሮጌውን ካምቢዮ አውርደን በኩላችን ያለውን ሥራ ያዝን። አሁን የምነግርሽን ነገር ልብ በዪልኝ። በሞተሩ ዘንግ ጭራ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ እዚያ ገብታ ነው የምትሽከረከረው። እዚያ ውስጥ ያለው የነሐስ ቀለበት ለድሮው ካምቢዮ የተሠራ ስለሆነ መውጣት ነበረበት። እሱ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚይዙበት ጫፍ የለውም። በካቻቢቴ ሞከርኩ፣ በመንጠቆ ሞከርኩ፣ እጄን ላጥኩ። አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና «ዳቦ አምጪ» አለኝ።

የራበው መስሎኝ ምን ልቀባልህ አልኩት። «ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው» አለ። ዳቦውን በውኃ አርሰሽ ጉድጓዱን እስኪሞላ ትጠቀጥቂያለሽ፣ የጉድጓዱ ልክ የሆነ ብረት ትሰኪበትና በመዶሻ ትመቺዋለሽ። ዳቦው መሄጃ ሲያጣ ከቀለበቱ ኋላ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አያታችን ያሳየው ዘዴ ነው። ነጭ ዳቦ ነበር የፈለገው፤ እኔ ጋ ያለው ግን ራሴ የጋገርኩት የሱፍ ፍሬ የተነሰነሰበት ቡኒ ዳቦ ብቻ ነው። «ይህን ነው የምትበዪው? ይህ የዶሮ ቀለብ አይደለም እንዴ?» ብሎ አፌዘብኝ። ሆኖም ስመታ፣ ስጨምር፣ ስመታ፣ በሰባተኛው ላይ ቀለበቱ ዱብ ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። አባዬ ከወደቀ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቁን ሲጨርስ «በይ አሁን ያንን ዳቦ ቅንጣት ሳታስቀሪ አውጪው» አለኝ። እኔም ሁለት ሦስቴ ጫር ጫር አደረግኩ። ጉድጓዱ ጨለማ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ የተማሪዎቹ መውጫ ሰዓትም ደርሶብኝ ነበር። «አወጣሁት» ብዬ ሄድኩ።

በነዚያ ሳምንቶች ወጥ ቤቱ የመንጃ ትምህርት ቤት ሆኖልሽ ነበር። ባልዲ ስንዴ ሞልቼ የመጥረጊያ እንጨት ተከልኩበትና ከወንበሩ አጠገብ በግራው በኩል አስቀመጥኩለት። አንደኛ ወደ ፊት በግራ፣ ሁለተኛ ወደ ኋላ፣ እንዲህ እያልን እስከ አምስተኛ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ በቀኝ ወደ ኋላ። ማለዳ ስመጣ ቁርሱን ሳይበላ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግራ እግሩን ወለሉ ላይ እየረገጠ እንጨቱን ሲያንቀሳቅስ አገኘዋለሁ። «የት ደረስክ?» ስለው «ሲድኒ ደርሼ እየተመለስኩ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል» ይለኛል። ስንዴውን ግን በየቀኑ ከወለል የምጠርገው እኔ ነኝ።

ሜይ 18 ቅዳሜ፣ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ኔሎ ሳህኑን ጨርሶ ላከልን። አዲሱን ቀለበት ቀስ ብዬ ወደ ጉድጓዱ አስገባሁ፣ ሳህኑን ከሞተሩ ጋር አሰርኩ፣ ካምቢዮውን በክሪክ አንስቼ ወደ ፊት ገፋሁት። ሄደ፣ ሄደ፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ቆመ። ጠቋሚ ጣቴ የሚገባበት ክፍተት ቀረ። ነቀነቅኩት፣ አሽከረከርኩት፣ ለመንኩት። እምቢ። በመጨረሻ ብሎኖቹን አስገብቼ በመፍቻ እያጠበቅኩ ልጎትተው ስል አባዬ ከበርጩማው «እጅሽን አንሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። «በብሎን ከጎተትሽው ወይ የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል ወይ ሞተሯን ከውስጥ ትፈጃታለሽ። ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ ነው የሚገባው፣ ካልገባ የሆነ ነገር ተሳስቷል።»

እኔም የተሳሳተው ማን እንደሆነ ወዲያው ወሰንኩ። ኔሎ ጋ ደውዬ «የለካኸው ሁሉ ስህተት ነው፣ አባቴን ጉድ ሠራኸው» አልኩት። እንዲህ ባለ ድምፅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ በነጭ ሸሚዙ መጣ፣ ሰላም እንኳ አላለኝም። ካምቢዮውን አወረድን፣ መለኪያዎቹን አወጣ፣ ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ለካ። ሁሉም ልክ ነው። ቢቸግረው «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው። የዚህ ካምቢዮ አፍንጫ ከሌሎቹ ረዘም ያለች መሆን አለባት፤ ጉድጓዱ አይበቃትም። ቶርኖ ቤት ልውሰዳትና ጫፏን ልቁረጣት» አለ። በነጭ ጠመኔ የሚቆረጥበትን ቦታ አሰመረ። ከተቆረጠ በኋላ አጥሮ ቢገኝ መመለሻ የለውም፤ በአምስት ቀን ውስጥ ሌላ ካምቢዮ ከየት ይመጣል? አባዬን አየው፤ አባዬ መሬት መሬት እያየ «አንተ ካልክ እንግዲህ» አለ። ራሊን፣ ያቺን ድምፅ ብትሰሚያት ኖሮ። እኔ በዚያች ደቂቃ አለቀለት ብዬ ነበር።

ኔሎ ዘንጉን እንዲይዘው ቅባቱን ልጥረግለት ብዬ ጨርቅ አነሳሁ። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ቅባቱ ውስጥ፣ የተጨፈለቀች አንዲት የሱፍ ፍሬ ተለጥፋለች።

ላንቺ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት በጨርቁ ጠራርጌ ዝም ለማለት ነው። «ቆይ እስቲ አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር» ብዬ ብቻዬን ጉድጓዱን አጽድቼ ብወጣ ማን ያውቅብኛል? እህትሽ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ይህን አሰበች፣ በጣም አፈርኩ። ኔሎ ሸሚዙ በቅባት ተበላሽቶ፣ ስሜን ሳይጠራ ቆሟል። አባዬ ያን መሬት ያያል። «አባዬ፣ ዳቦው ነው» አልኩ።

«የምን ዳቦ?» አለ ኔሎ። አባዬ ግን ገብቶታል። ቀና ብሎ አየኝ። «አወጣሁት አላልሽኝም ነበር?» አለ። «ብያለሁ» አልኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኖ ኖሯል። አፍንጫዋ ቀለበቱን አልፋ ስትሄድ የምትገጨው እኔ የጋገርኩትን ዳቦ ነው! እንደሚቆጣኝ ጠብቄ ነበር፣ ቢቆጣኝም ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ትከሻው እስኪያመው ሳቀ፣ በቀኝ እጁ ግራውን ደግፎ። ኔሎ ሲነገረው መሬት ላይ ተቀመጠና «አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖሬ ለትርፍራፊ ዳቦ ብዬ ደህና ብረት ልቆርጥ? አንቺ ሴትዮ፣ ሰው በዳቦሽ ትገድያለሽ!» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በአባዬ ፊት፣ ሳልቆራርጥ። እሱም ሸሚዙን እኔ እንዳጥበው ፈረደብኝ።

ዳቦውን በመሰርሰሪያ ብረትና በአሮጌ ማንኪያ ፈቅፍቀን ስንጨርስ ገና ፀሐይ ነበር። ካምቢዮውን መልሰን አነሳነው። ጥቂት ሲቀረው ኔሎ እጁን አንስቶ «ሚስተር ክላሪ፣ የቀረው የርስዎ ነው» አለው። አባዬ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ፣ በዚህ ዕድሜው፣ በቀኝ መዳፉ ገፋት። ቀጭ አለች፣ ገባች። ብሎኖቹ ተራ ማሰሪያ ብቻ ሆኑ።

የቀረውን አላስረዝምብሽ። እጀታውን በእሳት አሙቀን እጁ ከጭኑ ሳትነሳ እንዲደርስባት አጎበጥንለት፣ የተለወጠ መኪና መንገድ እንዲወጣ ፈቃድ የሚሰጠው መሐንዲስም መጥቶ አይቶ ፈረመ። አባዬ አራት ቀን በእርሻ መንገዱ ላይ ተለማመደ። እጁም ትከሻውም አላስቸገሩትም። ያስቸገረን ሌላ ነው። ባልዲው ላይ አምስቱንም ማርሽ ሲያንቆረቁር የነበረ ሰው መኪናዋ ላይ ሲወጣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይልና እጁን መልሶ ያስቀምጣል። ዕድሜ ልኩን ሦስት ማርሽ የነዳ ሰው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ሥራው አልቋል። «አራተኛስ አባዬ?» ስለው «አለ፣ የት ይሄዳል?» ይለኛል።

ዓርብ ጠዋት ፈታኙ መጣ፤ ሃርጂት የሚባል፣ ሰማያዊ ጥምጥም ያሰረ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ትሑት ሰው ነው። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አይቶ «አባት፣ ይህ እጀታ ከመኪናዋ ጋር ነው የመጣው?» አለው። አባዬም «ሞተሩ የኔ ነው፣ ካምቢዮው የሰው ነው፣ ተስማምተው እየኖሩ ነው» አለው። ሄዱ። እኔ የሥጋ ፓይ ገዝቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፓዩን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንዴ አልጎረስኩም። እማዬን ጠራኋት፣ የማላውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራኋቸው።

ዋናው መንገድ ላይ የሆነውን ፈታኙ ነው በኋላ የነገረኝ። አባዬ በዘጠና ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሦስተኛ ይነዳል፣ ሞተሯ ኡኡ ትላለች። «አባት፣ ይቺ ሞተር ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» «ስታረጅ አንተም ትጮኻለህ።» «ሌላ ማርሽ የለዎትም እንዴ?» «አለኝ።» «ታዲያ ለምን አያስገቡም?» «ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጥኩት።» ፈታኙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። መጮህ እንደሆነ ከፈተና አያስጥልም።

ሲመለሱ አባዬ ፊቱን እንጨት አስመስሎ ወረደ። አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ያንን ፓይ የማትበዪው ከሆነ አምጪው፣ መንጃ ፈቃድ ሰውን ያስርባል» አለኝ። አልፏል፣ ራሊን! ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ገደብ አልፏል! ሰው በሞላበት መንገድ ላይ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፣ በታመመው ትከሻ በኩል ስለነበር እሱም ጮኸ።

ወደ ቤት እሱ ነዳ። ከከተማ እንደወጣን «አባዬ፣ ለእኔ ስትል አንድ ጊዜ አምስተኛን አስገባ» አልኩት። አጉረመረመ፣ አራተኛ አስገባ፣ ከዚያ አምስተኛ። የሞተሯ ጩኸት ወዲያው ወረደ። አባዬ ደንግጦ ፍሪሲዮን ረገጠና ዳር ይዞ ቆመ። «ጠፋችብኝ!» አለ። «አልጠፋችም፣ እየሠራች ነው፣ ስማት» አልኩት። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት። እየሠራች ነው። እንደገና ተነሳን፣ እንደገና አምስተኛ አስገባ፣ አሁን አልቆመም።

ራሊን፣ በሞተሯ ጩኸት የተነሳ በዚያች መኪና ውስጥ ሰው ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል፤ ሌላ አናውቅም። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የጎማውን ድምፅ እየሰማን ሄድን። ከዚያ በቀስታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እንደሚናገረው አድርጎ ተናገረ። «እናትሽ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጣ ሃምሳ ዓመት አውርታኛለች። ግማሹን አልሰማሁትም። እሺ፣ እሺ እላት ነበር እንጂ» አለ።

የመስኖውን ድልድይ ስናልፍ «ራሊን ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር? መሃሉ ላይ ዘጋሁባት እኮ» አለኝ። «አላውቅም አባዬ፣ እኔም አልሰማሁትም። እሷን ጠይቃት» አልኩት። ጥቂት ሄደና «ትደውላለች?» አለ። እህቴ፣ እንዴት አድርጎ እንደጠየቀኝ ልጽፍልሽ አልችልም። አባታችንን እንደዚያ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ደውዪ። በናንተ ጠዋት፣ በኛ ምሽት፣ ስልኩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ዶሮዎቹን በዚያ ሰዓት እኔ ነኝ የማበላቸው። የፈለግሽውን በዪው፤ ስለ አረጋውያኑ መኖሪያም ቢሆን ካቆምሽበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪው። እሺ አይልሽ ይሆናል፣ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማሻል።

ፈርገስን ሰላም በዪልኝ፤ ብረታ ብረት ስለሚወድ የሳህኑን ሥዕል ኔሎ ስሎልኝ አብሬ ልኬለታለሁ። ኢላይድን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ሮሪን ከፈቀደልሽ ግንባሩን። ለወይዘሮ ሞራግ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ዓይናቸው ከዳነ ይህን ደብዳቤ ራሳቸው ያንብቡት፣ የዳቦው ነገር ያለበትን ገጽ ግን ደብቂባቸው፣ ባለፈው ያንኑ ዳቦ አሠራሩን ጽፌ ልኬላቸው ነበር። ኔሎም ሰላም ብሎሻል።

የምትወድሽ እህትሽ ናሬል

ግሪፊት፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
ጁን 2 ቀን 2024